ከሲኒማ ቤት ወድቀው ተመልካች ያነሳቸው ፊልሞች

ካልት ፊልም የሚባለው ጥቂት ሰዎች ደጋግመው የሚያዩት፣ ንግግሩን በቃላቸው የሚይዙት፣ ላላየው ሰው ካላሳዩ እንቅልፍ የማይወስዳቸው ፊልም ነው። ብዙ ሕዝብ አንድ ጊዜ አይቶት የሚያልፈው ፊልም የቱንም ያህል ገንዘብ ቢያስገባ በዚህ ስም አይጠራም። ቃሉ የመጣው ከሃይማኖት ነው፤ ከትልቁ እምነት ወጣ ብሎ በራሱ ሥርዓት የሚያመልክ ትንሽ ቡድን የሚጠራበት ነበር። ለፊልም የተዋሰውም የተመልካቾቹ ነገር ይህንኑ ስለሚመስል ነው። ስያሜውን ዳይሬክተሩ ለራሱ ሊሰጥ አይችልም፤ አምራች ኩባንያም በማስታወቂያ አይገዛውም። የሚሰጠው ተመልካች ነው፤ የሚሰጠውም ቡና እየተጠጣ «ትናንት ማታ አንድ ፊልም አየሁ» ተብሎ በሚጀመር ተራ ጨዋታ ነው። የሲኒማ ታሪክ ተደርገው ዛሬ በየትምህርት ቤቱ ከሚጠኑ ፊልሞች ቀላል የማይባሉት በዚህ ጨዋታ የተረፉ ናቸው።

ከካልት ጋር ሁልጊዜ አብሮ የሚነሳው ሌላው ቃል ዘውግ ነው። ዘውግ በፊልም ሠሪውና በተመልካቹ መካከል አስቀድሞ ያለ ስምምነት ነው። አስፈሪ ፊልም ሊያይ የተቀመጠ ሰው መፍራት ይፈልጋል፤ የካውቦይ ፊልም የመረጠ ፈረስ፣ አቧራና ሽጉጥ ይጠብቃል፤ የካራቴ ፊልም ያለ በቀልና ያለ ሽማግሌ አሠልጣኝ አይጥመውም። ከዘውጉ ውጭ ያለ ሰው «ሁሉም አንድ ዓይነት ነው» ብሎ ያልፋል። ወዳጁ ግን የሚያየው ሌላ ነገር ነው። በቅኔ ቤት የጉባኤ ቃና ልኩ የታወቀ ነው፤ ሁለት ቤት ነው፣ ከዚያ አይዘልም። ባለ ቅኔው የሚደነቀው በዚያች ጠባብ ልክ ውስጥ ባስቀመጠው ምሥጢር ነው። የዘውግ ፊልም ወዳጅም ልኩን ያውቀዋል፤ የሚጠይቀው የታወቀው ነገር በዚህኛው ፊልም እንዴት እንደመጣ ነው።

ካልት ፊልም የማየት ልማድ መልክ የያዘው በኒውዮርክ ከተማ ነው። በ1970 መጨረሻ (ዓመቶቹ ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) ቤን ባረንሆልትዝ የተባለ የሲኒማ ቤት ኃላፊ፣ ቺሊያዊው አሌሃንድሮ ሆዶሮቭስኪ በሜክሲኮ የሠራውን «ኤል ቶፖ» የተሰኘ እንግዳ የካውቦይ ፊልም በኤልጂን ሲኒማ ቤት እኩለ ሌሊት ላይ ማሳየት ጀመረ። ጋዜጣ ላይ የወጣ ትልቅ ማስታወቂያ አልነበረም። ያየው ላላየው እየነገረ አዳራሹ ሌሊት ሌሊት ይሞላ ጀመር፤ ለወራትም ዘለቀ። ፊልሙን አይተው ካደነቁት አንዱ የቢትልሱ ጆን ሌነን ነበር።

በዚያው የእኩለ ሌሊት ሰዓት ዕድሜ ያገኘው ሌላው ፊልም የጆርጅ ሮሜሮ «ናይት ኦፍ ዘ ሊቪንግ ዴድ» ነው። በፔንሲልቬንያ፣ ከፒትስበርግ ከተማ አቅራቢያ፣ በ114 ሺህ ዶላር ገደማ ተሠርቶ በ1968 የወጣ ጥቁርና ነጭ ፊልም ሲሆን ከሞት ተነስተው የሰው ሥጋ የሚበሉ ሙታንን ያሳያል። ዋናው አክተር ድዌን ጆንስ ጥቁር አሜሪካዊ ነበር፤ በዚያ ዘመን ነጮችን እያዘዘ ለማዳን የሚታገል ጥቁር አክተር በአስፈሪ ፊልም ማየት ብርቅ ነበር። አከፋፋዩ የፊልሙን ርእስ ሲቀይር የቅጂ መብት ማስታወቂያው ሳይጻፍ ስለቀረ ፊልሙ የማንም ንብረት ሳይሆን ቀረ፤ የፈለገ ሁሉ ያለ ክፍያ ያሳየው፣ ያባዛው ጀመር። ለሠሪዎቹ ከባድ ኪሳራ ነበር፤ ለፊልሙ ግን ዕድሜ ሆነው። ዛሬ ዞምቢ የሚባለው ፍጡር በፊልም የሚታይበትን መልክ ያገኘው ከዚህ ሥራ ነው።

ተመልካቹ ራሱ የትርዒቱ አካል የሆነው ደግሞ «ዘ ሮኪ ሆረር ፒክቸር ሾው» ላይ ነው። ፊልሙ ለንደን ላይ በመድረክ ከተወደደ የሙዚቃ ቲያትር ተወስዶ በ1975 ሲወጣ ሰው አላየውም። በሚያዝያ 1976 ኒውዮርክ በሚገኘው የዌቨርሊ ሲኒማ ቤት እኩለ ሌሊት ላይ መታየት ጀመረ፤ ከጥቂት ወራት በኋላ ተመልካቹ ለተዋንያኑ ከመቀመጫው መልስ መስጠት ያዘ። ሠርግ ሲታይ ሩዝ ይበተናል፤ ዝናብ ሲዘንብ ጋዜጣ በራስ ላይ ይደረጋል፤ እንደ ተዋንያኑ ለብሶ የሚመጣውም ብዙ ነው። ልማዱ እስከ ዛሬ በተለያዩ አገሮች አለ። የአሜሪካ ምክር ቤት ቤተ መጻሕፍት በ2005 ፊልሙን ሊጠበቁ ከሚገባቸው የአገሪቱ ፊልሞች መዝገብ አስገብቶታል። በአዲስ አበባ ቪዲዮ ቤት አግዳሚ ወንበር ላይ ተቀምጦ ለአክተሩ «ዙር! ከኋላህ ነው!» ብሎ የጮኸ ሰው ይህን ነገር ሳይነገረው ያውቀዋል።

የተመልካች ወሬ አንድን ፊልም ከውድቀት እንዴት እንደሚያነሳ ለማየት ግን ከጆን ካርፔንተር «ዘ ቲንግ» የተሻለ ምሳሌ አይገኝም። ፊልሙ የወጣው ሰኔ 25 ቀን 1982 ነው። በዚያው ዕለት የሪድሊ ስኮት «ብሌድ ረነር» ወጣ። ከሁለት ሳምንት በፊት የስቲቨን ስፒልበርግ «ኢ ቲ» ሲኒማ ቤቶችን አጥለቅልቆ ነበር። የአሜሪካ ሕዝብ በዚያ ወቅት ከልጅ ጋር የሚወዳጅ የዋህ የሌላ ዓለም ፍጡር ወድዶ ሳለ ካርፔንተር ያመጣለት የሰው ሥጋ ለብሶ የሚገድል ፍጡር ነው። ሃያሲዎች አስጸያፊ አሉት። 15 ሚሊዮን ዶላር ገደማ ወጥቶበት በአሜሪካ ያስገባው ከ20 ሚሊዮን በታች ነበር።

ታሪኩ ከጆን ካምቤል የ1938 አጭር ልቦለድ የተወሰደ ነው። በአንታርክቲካ በረዶ መካከል ባለ የምርምር ጣቢያ አሥራ ሁለት ወንዶች ይኖራሉ። የነካውን ሕያው ነገር ሁሉ መስሎ መቅዳት የሚችል ፍጡር ይገባባቸዋል፤ ከዚያ በኋላ ጓደኛ ጓደኛ መሆኑ አይታወቅም። የፊልሙ ወዳጆች ሳያነሱት የማያልፉት የደም ምርመራው ነው። ወንዶቹ ወንበርና ሶፋ ላይ ታስረው የየሰዉ ደም በየሳህኑ ይቀዳል፤ በጋለ ሽቦ ይነካል። ሰው ከሆነ ደሙ ጭስ ብሎ ይቀራል። ካልሆነስ? ዳይሬክተሩ ይህን ጥያቄ በጸጥታ ያራዝመዋል፤ በመጨረሻ የሚሆነው ነገር ደግሞ ተመልካቹ ዓይኑን ከሌላ ቦታ በጣለበት ቅጽበት ይሆናል። ትዕይንቱን አሥር ጊዜ ያየ ሰውም አሥራ አንደኛው ላይ ይደነግጣል። ፍጡሩን የሠራው ሮብ ቦቲን ያኔ ገና በሃያዎቹ መጀመሪያ ላይ የነበረ ወጣት ነው። ኮምፒውተር አልነበረም፤ በላስቲክ፣ በሽቦና በሞተር የተሠራ ነው። ካሜራው ፊት በእርግጥ የነበረ፣ ሊዳሰስ የሚችል ነገር ስለሆነ ከአርባ ዓመት በኋላም አላረጀም። ብዙ የኋላ ዘመን የኮምፒውተር ጭራቆች እንዲህ ለማለት አያስደፍሩም።

ፊልሙን ያነሱት ካሴት ተከራይተው ቤታቸው ያዩት ሰዎች ናቸው። ያየው ያልገባውን ሌላውን ይጠይቃል፤ ክርክሩም አላበቃም። መጨረሻ ላይ ጣቢያው እየነደደ ሁለት ሰዎች፣ ማክሬዲና ቻይልድስ፣ በረዶው ላይ ፊት ለፊት ይቀመጣሉ። ከሁለቱ አንዱ ፍጡሩ ይሆን? ቻይልድስ ሲናገር ከአፉ የሚወጣው ትንፋሽ በብርዱ አይታይም የሚሉ አሉ፤ የብርሃኑ አቅጣጫ ነው እንጂ ይታያል የሚሉም አሉ። ካርፔንተር ጥያቄውን ፊልሙ ውስጥ ሳይፈታ ትቶታል፤ ትልቁ ብልሃቱም እዚያ ላይ ነው። በደቡብ ዋልታ ባለው የአሜሪካ ጣቢያ ለክረምቱ የሚቀሩ ሠራተኞች የመጨረሻው አውሮፕላን ከሄደ በኋላ ይህንኑ ፊልም አብረው የማየት ልማድ አላቸው።

ካልት የሚሆነው ግን ያለ ፍርድ የወደቀ መልካም ሥራ ብቻ አይደለም። በመጥፎነቱ የሚወደድ ፊልምም አለ። ኤድ ዉድ በ1950ዎቹ የሠራው «ፕላን 9 ፍሮም አውተር ስፔስ» የዚህ አባት ነው። ታዋቂው ተዋናይ ቤላ ሉጎሲ በ1956 ስለሞተ የቀረውን ሚና ሌላ ሰው ፊቱን በካባ ሸፍኖ ጨረሰው፤ ሰውየው ሉጎሲን በቁመትም በመልክም አይመስልም። በ2003 የወጣው የቶሚ ዊዞ «ዘ ሩም» 6 ሚሊዮን ዶላር ገደማ እንደፈጀ ይነገርለታል፤ በሎስ አንጀለስ በታየባቸው ሁለት ሳምንታት ያገኘው ግን ከ2 ሺህ ዶላር ያነሰ ነበር። ዛሬ ተመልካቹ የፕላስቲክ ማንኪያ ይዞ ይገባል፤ በክፍሉ ውስጥ በፍሬም የተቀመጠ የማንኪያ ሥዕል በታየ ቁጥር ይወረውራል። ፊልም ሠሪው ለመሳቂያ ብሎ ሆን ብሎ ያበላሸው ፊልም እንዲህ አይወደድም። ኤድ ዉድም ዊዞም ከልባቸው ሠርተዋል፤ ተመልካችን የያዘው ያ ከልብነት ነው፤ በእነዚህ ፊልሞች ላይ የሚስቅ ሰው ይህን ቢያስታውስ ተገቢ ነው።

የቪዲዮ ካሴት በ1970ዎቹ ሁለተኛ አጋማሽ ወደ ገበያ ሲገባ የእኩለ ሌሊቱ አዳራሽ ወደየቤቱ ገባ። በአሜሪካ የካሴት ማከራያ ሻጮች የፊልም አማካሪዎች ሆኑ፤ ክዌንቲን ታራንቲኖ ከዳይሬክተርነቱ በፊት በካሊፎርኒያ አንዱ ማከራያ ውስጥ ሲሠራ ደንበኛ ምን ማየት እንዳለበት ሲመክር ነበር። በብሪታንያ ባለሥልጣናት 72 ፊልሞችን በስም መዝግበው አሳደዱ፤ በ1984 የካሴት ቁጥጥር ሕግ ወጣ። የተመዘገበው ዝርዝር ለወጣቱ የሚፈለጉ ፊልሞች ማውጫ ሆነ።

በምሥራቅ አፍሪካ ካሴቱ የራሱን ሰው ወለደ። በኡጋንዳ ቪዲዮ ጆከር የሚባለው ተራኪ ፊልሙ ሲታይ ማይክ ይዞ ይተረጉማል፤ ይቀልዳል፤ አክተሩን ያወድሳል። አይዛክ ናብዋና በካምፓላ ዋካሊጋ ሰፈር በጣም በትንሽ ገንዘብ የሠራው «ሁ ኪልድ ካፕቴን አሌክስ?» በ2010 ወጣ፤ የተራኪው ድምፅ ከፊልሙ ጋር ተቀድቶ አብሮ ስለሚሰማ በሌላው ዓለም ያለ ተመልካችም ለጆከሩ ሲል ደጋግሞ ያየዋል። በኢትዮጵያም በአማርኛ የሚተረክ ትርጉም ፊልም የዚህ ዘመድ ነው፤ ብዙ ሰው የሕንድና የካራቴ ፊልም የሚያስታውሰው በተራኪው አንደበት ነው።

ተራ የተመልካች አስተያየት ከሃያሲ ጽሑፍ የሚለየው ጊዜ ስለሌለው ነው። ፊልሙ እንዳለቀ ይነገራል፤ ስለዚህ ያጋንናል፤ «እስከ ዛሬ ካየሁት ሁሉ» የሚለው ቃል በሳምንት ሁለት ጊዜ ሊሰማ ይችላል። ጥቅሙ ምክንያቱ ላይ ነው። «አሰልቺ ነው» ያለ ሰው ለሰሚው ምንም አልሰጠም። «የመጀመሪያው ግማሽ ሰዓት ወሬ ብቻ ነው፤ ጭራቁ የሚታየው መጨረሻ ላይ ነው» ያለ ግን፣ ቀስ ያለ ፊልም የሚወደውንም የማይወደውንም ረድቷል። ልምድ ያለው ወዳጅ ፊልሙን በዘውጉ ይመዝነዋል፤ የካራቴ ፊልም ስለ ጠብ አሠራሩ እንጂ ስለ ትወናው አይከሰስም። መጨረሻውን ላላየ ሰው አይነግርም። የትኛውን ቅጂ እንዳየም ይናገራል። «ብሌድ ረነር» በ1982 ሲወጣ በአክተሩ ድምፅ የሚተረክና በደስታ የሚያልቅ ነበር፤ የ1992ቱ ቅጂ ሁለቱንም አወጣ፤ በ2007 ዳይሬክተሩ የመጨረሻ ያለውን አወጣ። ሁለት ሰዎች ሲከራከሩ አምሽተው የተለያየ ፊልም ማየታቸውን የሚያውቁት ሊለያዩ ሲሉ ሊሆን ይችላል።

አማርኛ የሚሰማ ተመልካች በራሱ ቋንቋ የሚከራከርበት እንዲህ ያለ ሥራም አለ። ስፔናዊው ሚጌል ያንሶ በኢትዮጵያ ቀርጾ በ2015 ያወጣው «ክረምብስ» ዓለም ካለቀች በኋላ የሚሆን ሳይንሳዊ ልቦለድ ነው፤ ርእሱ ፍርፋሪ ማለት ነው። ዳንኤል ታደሰ ጋጋኖ እና ሰላም ተስፋዬ ይተውኑበታል፤ ርዝመቱ ከአንድ ሰዓት ብዙም አይበልጥም። ሰማይ ላይ ተንጠልጥላ የዛገች መርከብ መንቀሳቀስ ስትጀምር አንድ ፍርስራሽ ለቃሚ ጉዞ ይወጣል። በዚያ ዓለም የፕላስቲክ መጫወቻ እንደ ጥንታዊ ቅርስ ይሸጣል፤ ቅርጫት ኳስ ተጫዋቹ ማይክል ጆርዳን ይመለካል። ታሪኩን መከተል የሚፈልግ ሰው ይሰላቻል፤ ምስሉን የሚያይ ግን የዳሎልን ቢጫና አረንጓዴ ምድር የሌላ ዓለም መሬት ሆኖ ያገኘዋል። የውጭው ተመልካች ከግርጌ ጽሑፍ የሚያነበውን ንግግር፣ አማርኛ ተናጋሪው በለዛው ይሰማዋል፤ ሁለቱ ስለ ፊልሙ ሲያወሩም የሚያነሱት ነገር አንድ አይሆንም።