ከደሴ እስከ ኮምቦልቻ ቁልቁለት፦ ያረጀ የታምቡር ፍሬን እድሳት

ከቢስቲማ ተነሥቶ በሐይቅና በደሴ በኩል ወደ ኮምቦልቻ የሚጓዝ ሞተረኛ የፍሬኑ እውነተኛ ፈተና የሚገጥመው ደሴን ካለፈ በኋላ ነው። መንገዱ በ25 ኪሎ ሜትር ገደማ ውስጥ ከ600 ሜትር በላይ ይወርዳል። ከነአሽከርካሪውና ከነጭነቱ 200 ኪሎ ግራም የሚመዝን ሞተር ብስክሌት 600 ሜትር ሲወርድ 1.2 ሚሊዮን ጁል የሚጠጋ ኃይል ይለቃል፤ ይህ ከ3 ሊትር በላይ ቀዝቃዛ ውሃ ያፈላል። ነፋስና ጎማ ከፊሉን ቢካፈሉትም የቀረውን ሞተሩ ወይም ፍሬኑ መያዝ አለበት። ያማሃ ኤጂ 100 ግን ሞተሩ ባለሁለት ምት በመሆኑ ቁልቁለት ላይ የመያዝ አቅሙ ትንሽ ነው፤ ሸክሙ በፊትና በኋላ ታምቡሮቹ ላይ ይወድቃል።

ፍሬን ሲላላ የተለመደው መፍትሔ የማስተካከያውን ዳዶ ማጥበቅ ነው። ይህ ክፍተቱን ይዘጋል እንጂ ያለቀውን ሸራ አይመልስም። ሸራው ባለቀ መጠን ሸራዎቹን የሚገፋው ካም ይበልጥ ይዞራል፤ በካቦውና በካሙ ክንድ መካከል ያለው ማዕዘንም ከ90 ዲግሪ እየራቀ ስለሚሄድ ያው የእጅ ኃይል ያነሰ ግፊት ይሰጣል። ክንዱን ነቅሎ ጥርሱን በማዛወር መግጠም ደግሞ የባሰ ነው፤ የማለቁን ምልክት ይሰውራል፣ ካሙም ከልኩ አልፎ ዞሮ ጎማውን ሊቆልፍ ይችላል።

እድሳቱ ከሸራው ሳይሆን ከታምቡሩ ሊጀምር ይገባል። የታምቡሩ ውስጣዊ ስፋት ሊደርስበት የሚፈቀደው ልክ ብዙ ጊዜ በሞዞው ላይ ተቀርጾ ይገኛል፤ ከአዲሱ የሚበልጠውም በ1 ሚሊ ሜትር ገደማ ብቻ ነው። ከዚያ ያለፈውን ቶርኖ አያድነውም፤ ይብሱን ያሳሳዋል። ልኩን ባያልፍም እንኳ በሰፋ ታምቡር ውስጥ አዲስ ሸራ የሚነካው በቅስቱ መካከል ብቻ ነው። ያ ጠባብ ሥፍራ ይግላል፤ ፊቱም እንደ መስታወት ለስልሶ መያዝ ያቆማል። ሸራው አዲስ ሆኖ ሳለ ፍሬኑ አልይዝ ሲል ምክንያቱ ብዙ ጊዜ ይኸው ነው።

ስለዚህ ሸራው ላይ ጠመኔ ቀብቶ፣ ጎማውን ገጥሞ፣ ፍሬኑን በስሱ ይዞ ማዞር ያስፈልጋል። ጠመኔው የጠፋበት ቦታ ጉብታ ነው፤ ንኪው በአብዛኛው ቅስት ላይ እስኪዳረስ ድረስ በብርጭቆ ወረቀት ደጋግሞ ማስተካከል ትዕግሥት ይጠይቃል። የቀድሞ ሸራዎች አስቤስቶስ ሊይዙ ስለሚችሉ የታምቡሩ ብናኝ በአየር አይነፋም፤ በእርጥብ ጨርቅ ይጠረጋል። ለካሙ የሚቀባው ግራሶም በጣም ጥቂት ይሁን፤ ሸራ የነካ ግራሶ ድካሙን ሁሉ ያበላሻል።

ሙከራው ሜዳ ላይ ብቻ መቅረት የለበትም። ታምቡር ሲግል ይሰፋና ከሸራው ይርቃል፤ ደሴ ላይ በልኩ የነበረው የፍሬን እጀታ ኮምቦልቻ ሲደርስ ሊላላ ይችላል። በዚያ ሙቀት ዳዶውን ያጠበቀ ሰው፣ ታምቡሩ ሲቀዘቅዝና ሲጠብ ሸራው ጎማውን እንደያዘ ያገኘዋል።