የውሃ መሳቢያ ናፍጣ ሞተር ሲታደስ በቫልቭና በፒስተን መካከል የሚቀረውን ክፍተት ስለመመርመር

በሸዋ ሮቢትና በይፋት ቆላ በበጋ በመስኖ የሚለማው ሽንኩርት አብዛኛውን ውሃ የሚስበው ከላይኛው 30 ሳንቲሜትር አፈር ነው። ስለሆነም ኮረት በሚይዝበት ጊዜ ውሃ ቢቋረጥበት ከጥልቅ አፈር ስቦ ሊቋቋም አይችልም። ማሳው በቀን 5 ሚሊሜትር ውሃ ቢፈልግ ለአንድ ሄክታር 50 ሜትር ኩብ ማለት ነው፤ ሞተሩ 10 ቀን ከቆመ 500 ሜትር ኩብ ይጎድላል። እኛ የሰብል ባለሙያዎች ስለ ሞተር ሆድ ዕቃ ለመጻፍ የተነሣነው በዚህ ምክንያት ነው። ታድሶ የመጣ ሞተር በመጀመሪያው ሳምንት ቫልቩ ታጥፎና ፒስተኑ ተበስቶ ቢቆም የማኅበሩ ኪሣራ የመለዋወጫው ዋጋ ብቻ አይሆንም።

በቅድሚያ ሁለት ክፍተቶችን መለየት ያስፈልጋል። መካኒኮች ፑንቴሪያ የሚሉት በቫልቩ ጭራና በሚጫነው ክንድ መካከል ያለው ነው፤ ይህ ከውጭ በኩል በቀላሉ ይስተካከላል። የዚህ ጽሑፍ ጉዳይ የሆነው ግን በቫልቩ ራስና በፒስተኑ ራስ መካከል፣ በሲሊንደሩ ውስጥ የሚቀረው ክፍተት ነው። ፑንቴሪያው በትክክል ተስተካከለ ማለት ይህኛው ደኅና ነው ማለት አይደለም።

ናፍጣ ሞተር የሚያቀጣጥል ሻማ የለውም። ሩዶልፍ ዲዝል እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1897 በጀርመን አገር በአውግስቡርግ ከተማ ሠርቶ ካሳየው ጊዜ ጀምሮ መሠረቱ አንድ ነው፤ አየሩ በኃይል ታምቆ ይግላል፣ የሚረጨውም ናፍጣ በዚያ ግለት ይቀጣጠላል። ለዚህ ሲባል ፒስተኑ ጫፍ ላይ ሲደርስ ከቴስታታው ጋር የሚቀረው ቦታ ጠባብ መሆን አለበት። ለምሳሌ የፒስተኑ ጉዞ 115 ሚሊሜትር፣ የማመቂያው ምጣኔ 17 ለ1 የሆነ ሞተር ብንወስድ፣ የቀረው ቦታ እኩል ቢዘረጋ ከፍታው 7 ሚሊሜትር ያህል ነው። አብዛኛው ግን በፒስተኑ ራስ ላይ በተቆፈረው ጎድጓዳ ውስጥ ስለሚገባ፣ በጠፍጣፋው ፊት ላይ የሚቀረው እጅግ ጥቂት ነው።

አደጋው ያለው የጭሱ መውጫ ቫልቭ ሊዘጋ ሲል፣ የአየሩ መግቢያ ደግሞ መከፈት ሲጀምር ነው። በዚያች ቅጽበት ሁለቱም በመጠኑ ክፍት ሲሆኑ ፒስተኑ ጫፍ ላይ ነው። ከላይ በጠቀስነው ሞተር ክራንክ ሻፍቱ ጫፉን በ10 ዲግሪ ካለፈ በኋላ እንኳ ፒስተኑ የወረደው ከ1 ሚሊሜትር እምብዛም አይበልጥም። የክራንክ ሻፍቱ ማርሽ 30 ጥርስ ቢኖረው፣ ካምሻፍቱ በአንድ ጥርስ ተዛንፎ ሲገጠም ስሕተቱ 12 ዲግሪ ነው። በማርሾቹ ላይ ያሉት ምልክቶች ፊት ለፊት መግጠማቸው የሚመረመረው ክዳኑ ከመዘጋቱ በፊት የሆነው ለዚህ ነው።

ክፍተቱን የሚያጠቡት ሌሎች ነገሮች ከሬቲፊካ ቤት የሚመጡ ናቸው። ሙቀት ያጣመመው ቴስታታ 0.3 ሚሊሜትር ሲላጥ ቫልቮቹም ያንኑ ያህል ወደ ፒስተኑ ይቀርባሉ። አዲስ የቫልቭ መቀመጫ በጥልቀት ካልተቆረጠ ቫልቩ ወጣ ብሎ ይቀራል። ከቀድሞው የሳሳ ጓርኒሲዮን፣ የሌላ ሞዴል ፒስተን ወይም ቢየላ ተመሳሳይ ውጤት አላቸው። ሸዋ ሮቢት ከባሕር ወለል በላይ 1,300 ሜትር ገደማ ላይ ስለምትገኝ የአየሩ ግፊት ከባሕር ዳርቻው በሰባት እጅ አንድ ያህል ያንሳል፤ ሞተሩም ከተጻፈለት ጉልበት ጥቂት ያጣል። ይህን ለመመለስ ቴስታታውን መላጥ ከንቱ ድካም ነው፤ የጎደለው አየር በመላጥ አይተካምና። ውሃ ለማብዛት ሲባል የፍጥነት መቆጣጠሪያውን በሽቦ ማሰርም እንዲሁ ጎጂ ነው። ፍጥነቱ ሲያልፍ ሞላው ቫልቩን በጊዜው መመለስ ይሳነዋል፣ ወደ ላይ የሚመጣው ፒስተንም ይደርስበታል።

ምርመራው ውድ መሣሪያ አይጠይቅም። ናፍጣ የሚረጨው ኢንጄክተር ይወለቅ፤ ይህ ሲሆን አየሩ ስለማይታመቅ ሞተሩ በእጅ በቀላሉ ይዞራል። በፒስተኑ ራስ ላይ በሁለቱም ቫልቮች ትክክል የሕፃናት መጫወቻ ፕላስቲሲን ወይም በእጅ የለሰለሰ ሰም ይለጠፍ፤ እንዳይጣበቅም የቫልቮቹ ፊት ዘይት ይቀባ። ለሙከራ የሚገጠመው ጓርኒሲዮን ውፍረቱ ከሚቀረው ጋር እኩል የሆነ፣ አስቀድሞ የተጨመቀ አሮጌ ቢሆን ይመረጣል። ቴስታታው በተወሰነለት የማጥበቂያ ኃይል ይታሠር፣ ፑንቴሪያው ይስተካከል፣ የማስነሻ ማቅለያው እጀታም ይለቀቅ፤ እርሱ ቫልቭ ከፍቶ ስለሚይዝ ልኬቱን ያዛባል። ከዚያ ቮላኖው በሚዞርበት አቅጣጫ በእጅ ሁለት ሙሉ ዙር ይዙር። አንድ ዙር ብቻ አይበቃም፤ ባለ አራት ምት ሞተር ሥራውን የሚጨርሰው በሁለት ዙር ነውና። እየዞረ ቢገታ በፍጹም አይገፋ፤ ይፈታ። በመጨረሻም ፕላስቲሲኑ በምላጭ ተቆርጦ ከሁሉ የሳሳው ቦታ በካሊፐር ይለካል።

በፒስተኑና በቴስታታው መካከል ያለው ደግሞ በስታኞ ሽቦ ይለካል። ቁራጮቹ ከቫልቮቹና ከጎድጓዳው ርቀው፣ ፒስተኑ ስለሚወዛወዝ በግራና በቀኝ ይቀመጡና የጠፈጠፉበት ውፍረት አማካይ ይወሰዳል። በወፍጮ ቤቶች የሚታወቀው የሊስተር ሞተር ይህ ክፍተት የሚስተካከለው ከሲሊንደሩ ሥር በሚገቡ ስስ ብረቶች ነው።

ስንት ይሁን ለሚለው መልሱ የፋብሪካው መጽሐፍ ነው። ለፈጣን የቤንዚን ሞተሮች የሚነገረው 2 ሚሊሜትር ለመግቢያ፣ 2.5 ለመውጫ የሚለው ልክ ለናፍጣ ሞተር መመዘኛ አይሆንም። የጭሱ ቫልቭ ሰፋ ያለ የሚሰጠው የበለጠ ግሎ ስለሚረዝምና ፒስተኑ ከኋላው ስለሚያሳድደው ነው። ከልክ በታች ሆኖ ሲገኝ ፋብሪካው ያዘጋጀው ወፍራም ጓርኒሲዮን ይገባል ወይም የቫልቩ ጥልቀት ይስተካከላል። ሁለት ጓርኒሲዮን መደራረብና የፒስተኑን ራስ በእጅ መሞረድ አንመክርም። ከልክ በላይ ማስፋትም ጉዳት አለው፤ የአየሩ መታመቅ ይቀንሳል፣ ነጭ ጭስ ይበዛል። በደጋ ይህ ጠዋት ሞተሩ ሲያስቸግር ይታወቃል፤ በቆላው ሙቀት ግን ሞተሩ ስለሚነሣ ጉድለቱ ለወራት ሳይታወቅ ሊቆይ ይችላል።

ማኅበራት እድሳቱን በሐምሌና በነሐሴ፣ ፓምፑ በማይፈለግበት ጊዜ ቢያስፈጽሙ መካኒኩ ለመለካት ጊዜ ያገኛል። አሮጌው ፒስተን እንዲመለስላቸውም ይጠይቁ። በጥቀርሻው ላይ የጨረቃ ቅርጽ ያለው የሚያብረቀርቅ ጭረት ከታየበት ቫልቩ ከዚያ በፊትም ሲነካው ነበር ማለት ነው። የተላጠው መጠን፣ የጓርኒሲዮኑ ውፍረትና የሁለቱ ቫልቮች ልኬት በሞተሩ መዝገብ ላይ በቁጥር ይጻፉ፤ በሚቀጥለው ጊዜ ቴስታታውን የሚላጠው ሰው ከዚህ በፊት ስንት እንደተላጠ የሚያውቀው ከዚያ ነው።