ጥሪው እስኪመጣ፦ ከአገር ውጪ ለማገልገል የሚጠብቁ በጎ ፈቃደኞች

ጾመኛ የሚጠብቀውን ሰዓት ያውቃል። ቀኑ ቢረዝምበት እንኳ መግሪብ መቼ እንደሚገባ የሚነግረው የረመዳን ሰሌዳ ከግድግዳው ላይ አለ። በሌላ አገር በበጎ ፈቃደኝነት ለማገልገል አመልክቶ መልስ የሚጠባበቅ ወጣት ግን እንዲህ ያለ ሰሌዳ የለውም። ማመልከቻው መድረሱ ይነገረዋል፤ ከዚያ በኋላ ዝምታ ነው። ሳምንቱ ወር ይሆናል፣ ወሩም ይደራረባል። ቤተሰብ «መቼ ነው የምትሄደው?» ይላል። የተገኘ ሥራ «መሄዴ ነው» ተብሎ ይታለፋል፤ ኒካሕ ለሌላ ጊዜ ይገፋል። ከጉዞው ይልቅ ብዙዎችን የሚፈትነው ይህ መሐል ላይ ያለው ጊዜ ነው።

ለአገራችን ወጣቶች ከሚታወቁት መንገዶች አንዱ መቀመጫውን አዲስ አበባ ያደረገው የአፍሪካ ኅብረት የወጣቶች በጎ ፈቃደኛ ጓድ ነው። በ2010 (እ.ኤ.አ) የተቋቋመ ሲሆን፣ ከ18 እስከ 35 ዓመት የሆናቸውን ወጣት ባለሙያዎች አሠልጥኖ ለ12 ወራት ከራሳቸው ውጪ ባለ የአፍሪካ አገር ያሠራል። ሌላው በ1970 (እ.ኤ.አ) በጠቅላላ ጉባዔው ውሳኔ የተመሠረተውና ዋና ጽሕፈት ቤቱ በጀርመን ቦን የሚገኘው የተባበሩት መንግሥታት የበጎ ፈቃደኞች ፕሮግራም ነው።

መልሱ የሚዘገየው ያለ ምክንያት አይደለም። ምርጫ አለ፣ ቃለ መጠይቅ አለ፣ ስለ አመልካቹ የሚመሰክሩ ሰዎች ይጠየቃሉ፣ የጤና ምርመራ ይታያል፣ ተቀባዩ አገር ቪዛ ይሰጣል። እያንዳንዱ ደረጃ በተለያየ ቢሮ የሚያልፍ በመሆኑ አንዱ ጋ የዘገየ ወረቀት ሁሉንም ያቆማል። ከዚህ የሚወጣው ምክር አጭር ነው፤ «ተመርጠሃል» የሚል መልእክት መጣ ተብሎ ሥራ አይለቀቅም፣ ዕቃም አይሸጥም። ውሉ ተፈርሞ፣ ቪዛው ታትሞ፣ የጉዞው ቀን ሲቆረጥ የዚያን ጊዜ ይደረሳል። የቸኮለ አፍስሶ ይለቅማል።

የመጠበቂያው ጊዜ ሌላም አደጋ አለው። ሰው ሲጠብቅ ልቡ ለወሬ ይከፈታል። «ጉዳይህን ላፋጥንልህ» የሚል ደላላ የሚመጣው በዚህ ጊዜ ነው። የተባበሩት መንግሥታት የበጎ ፈቃደኞች ፕሮግራም ለማመልከቻም ሆነ ለምርጫ ገንዘብ አያስከፍልም። በባንክ ወይም በስልክ ገንዘብ እንዲላክ የሚጠይቅ ሰው የድርጅቱን ስምና አርማ ይዞ ቢመጣም ሊታመን አይገባም። ፓስፖርቱን «እኔ ጋ ይቆይ» የሚልም እንዲሁ።

እስከዚያው በእጅ ያለ ሥራ ብዙ ነው። የመጀመሪያው ወረቀት ነው። አንድ መሐመድ በላቲን ፊደል በትምህርት ማስረጃው አንድ ዓይነት፣ በፓስፖርቱ ሌላ ዓይነት፣ በልደት ካርዱ ደግሞ ሦስተኛ ዓይነት ተጽፎ ይገኛል። በእኛ ዘንድ ያው አንድ ሰው ነው፤ በውጭ ቢሮ ግን ሦስት ሰው ሊመስል ይችላል። የልደት ዘመን በኢትዮጵያ አቆጣጠር ተጽፎ ሳይቀየር ከተላለፈም አመልካቹን በሰባት ወይም በስምንት ዓመት ያስረጀዋል። ይህን ማስተካከል ቀጠሮና ምልልስ ስለሚጠይቅ ጥሪው እስኪመጣ መጠበቅ የለበትም። ፓስፖርቱም የሚያበቃበት ቀን ይታይ፤ ብዙ አገሮች ቢያንስ ስድስት ወር የቀረው ፓስፖርት ይፈልጋሉ።

የሰዓት አቆጣጠራችንም አለ። «ቃለ መጠይቁ 9 ሰዓት ነው» የሚል መልእክት ከውጭ ሲመጣ ጠዋት 3 ሰዓት ማለት ሊሆን ይችላል። በየትኛው ከተማ ሰዓት እንደሆነ አስቀድሞ መጠየቅ ማንንም አያስነቅፍም፤ ቀጠሮን አሳልፎ ይቅርታ ከመጠየቅ ግን ያድናል።

ሁለተኛው ጤና ነው። ብዙ የአፍሪካ አገሮች የቢጫ ወባ ክትባት የምስክር ወረቀት ይጠይቃሉ። ምስክር ወረቀቱ የሚጸናው ከተከተቡ 10 ቀን በኋላ ነው፤ ከ2016 (እ.ኤ.አ) ወዲህ ደግሞ ለዕድሜ ልክ ያገለግላል። ስለዚህ በመጨረሻው ሳምንት የሚሮጥ ሰው ይዘገያል፤ ቀደም ብሎ የተከተበ ምንም አይጎድልበትም። በአዲስ አበባ ደጋ ያደገ ወጣት ወባን የሚያውቀው በስም ብቻ ሊሆን ስለሚችል፣ ወደ ቆላ አገር ሲላክ ስለ አጎበርና ስለ መከላከያ መድኃኒት ሐኪም ማማከር አለበት።

ሦስተኛው ቋንቋ ነው። ዝግጅት ምን ያህል ዋጋ እንዳለው የሚያሳይ ታሪክ እኛው ዘንድ አለ። በ1962 (እ.ኤ.አ) የአሜሪካ የሰላም ጓድ የመጀመሪያዎቹን ከ270 በላይ በጎ ፈቃደኞች ወደ ኢትዮጵያ ሲልክ፣ አብዛኞቹ በየክፍለ ሀገሩ ትምህርት ቤቶች አስተማሪ እንዲሆኑ ነበር። ከመምጣታቸው በፊት በዋሽንግተን በሚገኘው ጆርጅታውን ዩኒቨርሲቲ ሠልጥነዋል፤ አማርኛም ተምረዋል። በጥቂት ሳምንት ቋንቋ አይጠናቀቅም። ነገር ግን «እንደምን አደራችሁ» ብሎ ክፍል የገባ መምህርና ዝም ብሎ የገባ መምህር እኩል አይታዩም። ዛሬም ወደ ሴኔጋል ወይም ወደ ቻድ እንዲላክ የሚመኝ ወጣት በመጠበቂያው ወራት ጥቂት ፈረንሳይኛ ቢቋጥር፣ ወደ ታንዛኒያ የሚያስብም ስዋሂሊ ቢጀምር ጊዜው አይባክንበትም።

አራተኛው ቤተሰብ ነው። በጎ ፈቃደኛ የሚሰጠው ለኑሮ የሚበቃ አበል ነው። በየወሩ ወደ ቤት የሚላክ፣ ዕዳ የሚከፈልበት ገንዘብ ተደርጎ መታሰብ የለበትም። ይህ ከመነሻው ለእናትና ለአባት፣ ለታላቅና ለታናሽ በግልጽ ካልተነገረ፣ «ውጭ ሄዶ ረሳን» የሚል ቅያሜ ይወልዳል። የእናት መድኃኒት በማን ይገዛል? የታናሽ እህት የትምህርት ክፍያ ከየት ይመጣል? ጥያቄው ከባድ ቢሆንም ተሰናባች ሳይሆኑ በፊት ቢነሳ ይሻላል። ለሚታመን ሰው በሰነዶች ማረጋገጫ ቢሮ ውክልና መስጠትም በባንክ፣ በቤትና በሌላ ጉዳይ ኋላ የሚመጣን ጭንቀት ያቃልላል።

ሙስሊም በጎ ፈቃደኛ ደግሞ ተጨማሪ ጥያቄ አለው። አገራችን ለምድር ወገብ ቅርብ ስለሆነች የቀኑ ርዝመት ከወር ወር እምብዛም አይለያይም፤ የጾሙ ሰዓትም እንደዚያው። ወደ ሰሜን በራቁ አገሮች ግን ረመዳን በበጋቸው ሲውል ቀኑ እጅግ ይረዝማል፣ በክረምታቸው ሲውል ያጥራል። ወሩ በየዓመቱ ወደ 11 ቀን ስለሚቀድም ምድቡ በየትኛው ወቅት እንደሚውል ማስላት ይቻላል። በጾም ወቅት የሥራው ሰዓት እንዴት ነው? ሐላል ምግብ በቅርብ ይገኛል? መስጊዱ የት ነው? እነዚህን ከመሄድ በፊት መጠየቅ ተገቢ ነው፤ ተቀባዩ ድርጅትም ቀድሞ ቢያውቅ ለመርዳት ይቀለዋል።

ከሁሉ በላይ ግን የሚጠብቅ ሰው እጁን አጣጥፎ መጠበቅ የለበትም። ቃለ መጠይቅ አድራጊ «እስካሁን ማንን አገለገልክ?» ብሎ ቢጠይቅ፣ መልሱ ከሰፈር ይጀምራል። በ1935 (እ.ኤ.አ) የተመሠረተው የኢትዮጵያ ቀይ መስቀል ማኅበር የመጀመሪያ እርዳታ ሥልጠና ይሰጣል፤ በጎ ፈቃደኞችንም ይቀበላል። በክረምት የአቅመ ደካሞች ቤት ሲታደስ ጭቃ የሚያቀብል ሰው ያስፈልጋል። በረመዳን ወር ለኢፍጧር ሾርባ የሚቀዳና ሳህን የሚያጥብ እጅም እንዲሁ። ከማያውቁት ሰው ጋር መሥራት፣ መታዘዝ፣ ሲደክሙ አለማኩረፍ የሚለመደው እዚህ ነው።

ጥሪው ላይመጣም ይችላል። «አዝናለሁ» የሚል ደብዳቤ የሚደርሳቸው ብዙዎች ናቸው። ያን ቀን ወረቀቱ የተስተካከለ፣ ክትባቱን የወሰደ፣ ቋንቋ የጀመረ፣ ሥራውን ያለቀቀና ሰፈሩን ያገለገለ ወጣት የሚያጣው ጉዞውን ብቻ ነው። ለሚቀጥለው ማስታወቂያም ዝግጁ ሆኖ ይቆያል።