ጓያ ነርቭን እንዴት ይጎዳል?

መርካቶ፣ ከሲኒማ ራስ ወደ እህል በረንዳ ጎራ ብሎ የሽሮ እህል የሚሸምት ሰው ጓያን አያጣውም። ከአተርና ከሽምብራ ስለሚረክስ ሽሮ ውስጥ ይገባል፤ ብዙ ቤተሰብም ሳይታመም በልቶት ያድራል። ይኸው እህል ግን እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ አጋማሽ በደንቢያና በፎገራ፣ በ1990ዎቹ ደግሞ ድርቅ በመታው ደላንታ ዳውንት ብዙ ጤነኛ ጎረምሶችን ምርኩዝ አስይዟል። የባሰባቸው ዳዴ ይላሉ። አእምሯቸው እንደ ድሮው ነው፤ የእግራቸው ጉዳት ግን አይድንም።

አንዱን አጥግቦ ሌላውን የሚያሽመደምደው ለምንድን ነው?

ጓያ ኦዳፕ የሚባል አሚኖ አሲድ አለው። ኦዳፕ የነርቭ ሴሎች መልእክት የሚለዋወጡበትን ግሉታሜት ስለሚመስል ሴሉ ተታልሎ በሩን ይከፍትለታል፤ ካልሲየምም ያለ ልክ ይጎርፋል። ጉዳቱ እዚህ አያቆምም። ምግብን ወደ ጉልበት የሚለውጡት የሴሉ ሚቶኮንድሪያዎች ሥራቸውን የሚጀምሩት ከብዙ ፕሮቲኖች በተገጣጠመው «ኮምፕሌክስ አንድ» ነው። በአይጦች ላይ በተደረገ ጥናት ኦዳፕ ይህንን ክፍል ሲያዳክም ታይቷል፤ ያውም በመላው አንጎል ሳይሆን እንቅስቃሴን በሚያዝዘው የአንጎል ክፍልና እግርን በሚቆጣጠረው የታችኛው ህብለ ሰረሰር።

የፓርኪንሰን በሽታም ከዚሁ ኮምፕሌክስ አንድ ጋር ይያያዛል። በ1980ዎቹ መጀመሪያ ካሊፎርኒያ ውስጥ ኤምፒቲፒ የተቀላቀለበት አደንዛዥ ዕፅ የወሰዱ ወጣቶች በድንገት እንደ ፓርኪንሰን ሕሙማን ሰውነታቸው ደርቆ ቀረ፤ መርዙ የመታው ዶፓሚን የሚያመነጩ ሴሎችን ኮምፕሌክስ አንድ ነበር።

ወደ ጓያ ስንመለስ ቁልፉ ድኝ ይመስላል። ኮምፕሌክስ አንድ የሚዳከመው ድኝ ያዘሉ የፕሮቲኖቹ ክፍሎች ሲጠቁ ነው፤ ሴሉ የሚከላከልበት ግሉታታዮንም የሚሠራው ድኝ ካለው ሲስቴይን ነው። ጓያ ድኝ ባላቸው አሚኖ አሲዶች ድሃ ነው፤ መርዙን ይዞ ይመጣል፣ መከላከያውን ግን አይሰጥም። ኃይለየሱስ ጌታሁንና ባልደረቦቹ በኢትዮጵያ ባካሄዱት ጥናት ጓያን ቆልተው ወይም እሸቱን የበሉ ይበልጥ ሲጎዱ፣ ከሌላ እህል ጋር ቀላቅለው የበሉት ግን አደጋው ቀንሶላቸዋል። እናቶች ጓያን ከጤፍ ወይም ከስንዴ ጋር መደባለቃቸው እንግዲህ ኪስን ለማዳን ብቻ አልነበረም ማለት ነው።

የኢትዮጵያ ተመራማሪዎች ኦዳፑ ያነሰ «ዋሴ» የተባለ ዝርያ አውጥተዋል። የኦዳፕ መጠን ግን በዘሩ ብቻ አይወሰንም፤ ተክሉ ውኃ ሲጠማ ይጨምራል። ዝናብ ቀርቶ ጤፉና ገብሱ ሲመክኑ በማሳው የሚተርፈው ደግሞ ድርቅ የሚችለው ጓያ ነው።