በደረሰኝ ነው ያለ ደረሰኝ?

እሑድ ቤተ ክርስቲያን ተሳልመን፣ ወይም ዓርብ ጁምዓ ሰግደን የወጣን ሰዎች፣ ሰኞ ጠዋት ሥራ ስንገባ እምነታችንን የት ነው የምናስቀምጠው? ከጃንጥላው ጋር በር ላይ?

ይህን ያስጠየቀኝ የአንዲት ወዳጄ ጉዳይ ነው። ዕድሜዋ 23 ነው። አካውንቲንግ በዲፕሎማ ጨርሳ ዓመት ከመንፈቅ ሥራ ስትፈልግ ከረመችና መርካቶ አንድ የቧንቧ ዕቃ መሸጫ ሱቅ በካሸርነት ተቀጠረች። መቼም ለካሸር ዋስ የግድ ነው። ዋስ የሆኗት የእናቷ ጎረቤት ለባለሱቁ «ቤተ ክርስቲያን የምትስም፣ የሰው ሳንቲም የማትነካ ልጅ ናት» ብለው አመሰገኗት። ባለሱቁም ደስ አላቸው። ከመቀመጫቸው በላይ የእመቤታችንን ሥዕል ሰቅለዋል፤ ጾምም አይገድፉም።

ሦስት ሳምንት እንደሠራች ጠሯት። «የኔ ልጅ፣ ደረሰኝ የምትቆርጪው ደንበኛው ከጠየቀሽ ብቻ ነው» አሏት።

ነገሩን ታውቁታላችሁ። ቫት ከ1995 ዓ.ም. ጀምሮ 15 በመቶ ነው። የ10,000 ብር ዕቃ በደረሰኝ ሲሆን 1,500 ብር ይጨመርበታል። ስለዚህ ገበያ የወጣ ሁሉ «በደረሰኝ ነው ያለ ደረሰኝ?» ይባላል። እኛስ ምን እንመልሳለን? እውነቱን እንነጋገር ከተባለ... እኔ ራሴ ባለፈው ዐቢይ ጾም ቅቤ የነካው ወጥ እንዳልቀምስ ስጠነቀቅ ከርሜ፣ ለፋሲካ ብርድ ልብስ የገዛሁት ያለ ደረሰኝ ነው። 55 ቀን የጾመ አፌ «ያለ ደረሰኝ መጨረሻው ስንት ነው?» ለማለት አላፈረም።

ልጅቷ ግን እንቅልፍ አጣች። ገና የሙከራ ጊዜ ላይ ናት፤ 60ው የሥራ ቀን ሳይሞላ ለሥራው አልሆነችም ብለው ያለ ማስጠንቀቂያ ሊያሰናብቷት ይችላሉ። ታናሽ ወንድሟን የምታስተምረው ደግሞ እሷ ናት። እናቷን ብታማክር «እንጀራሽ ላይ አትቁሚ፤ ኃጢአቱ የሳቸው ነው» አሏት። የንስሐ አባቷ «ብሩን የሚቀበለው እጅ የማነው?» አሉና ዝም አሉ።

የደረሰላት እዚያው ሱቅ ያለው የስቶር ሠራተኛ ነው። ሙስሊም ነው። ቁርአን ውስጥ በሚዛንና በስፍር የሚያጭበረብሩትን የሚያስጠነቅቅ ራሱን የቻለ ምዕራፍ አለ፤ ሙጠፊፊን ይባላል። «እሱን እየቀራሁ የጎደለውን ሞልቷል ብዬ አልፈርምም፤ ይሄን ስቀጠር ነው የነገርኳቸው። አንቺም ሳይቆይ ተናገሪ። ስብከት አታብዢ። የማትሠሪውን ንገሪያቸው፣ ከዚያ የምትሠሪውን» አላት። እንደኔ እንደኔ ከሁሉም የተሻለው ምክር ይሄ ነው። አለቃን ሌባ ብሎ መሳደብ ጽድቅ የሚመስላቸው አሉና!

ገብታ ነገረቻቸው። «ጋሼ፣ ያለ ደረሰኝ ገንዘብ አልቀበልም። ሌላ የምሠራው ካለ ግን ይስጡኝ።»

ጋሼ ተቆጡ። «እኔ ብቻዬን ቫት ብጨምር ደንበኛው ጎረቤት ሱቅ ይገባል! ልዝጋው?» አሏት። ይሄ እንዲህ በቀላሉ የሚጣል ክርክር አይደለም። መርካቶ ውስጥ 15 በመቶ ያስወደደ ሱቅ ዝንብ እሽ ሲል ይውላል። ግን አንድ ነገር ልብ በሉ፤ ልጅቷን የቀጠሯት ለእምነቷ ብለው ነው። «የሰው ሳንቲም አትነካም» ሲባሉ ጥሟቸዋል። የፈለጉት የሳቸውን መሳቢያ የሚጠብቅ፣ የመንግሥትን ግን አይቶ እንዳላየ የሚያልፍ እምነት ነው። ታዲያ እንዲህ ተቆርጦ የሚሸጥ እምነት ከየት ይመጣል? ቧንቧ መሰላቸው እንዴ? ቀራጩ ዘኬዎስ እንኳ ያታለልኩትን አራት እጥፍ እመልሳለሁ ሲል ሰው አልመረጠም።

አላባረሯትም። ስቶር ወረደች። የካሸር መጠባበቂያዋ ቀረ፤ የወንድሟንም ክፍያ በዕቁብ ነው የምትገፋው። ካሸር ላይ ሌላ ልጅ ተቀምጣለች።

የሚገርመው፣ ማታ ማታ የቀኑን ገንዘብ ባንክ የምታስገባው አሁንም እሷው ናት። ጋሼ ከእሷ ሌላ አያምኑማ! ባለፈው ቅዳሜ ሻይ ስንጠጣ «ያ የምታስገቢው ብር ደረሰኝ ያለው ነው የሌለው?» አልኳት።

ስኳሯን ስታማስል ቆየችና «እሱን ገና ለንስሐ አባቴ አልነገርኳቸውም» አለችኝ።