የኢንተርኔት ፍጥነት ሌላ፤ ልኩ ሌላ

በርሜሉን በውሃ ሞልቶ ወር ሙሉ ሊጠቀምበት ያሰበ ሰው ሁለት ነገር ያመዛዝናል። አንደኛው የቧንቧው አወራረድ ነው፤ ሁለተኛው የበርሜሉ መጠን ነው። ወደ ቤታችን ኢንተርኔት ስናስገባ ግን ብዙዎቻችን የመጀመሪያውን ብቻ ጠይቀን ውሉን እንፈርማለን። ወሩ ሳያልቅ መስመሩ ሲያዘግም ወይም ሒሳቡ ከፍ ብሎ ሲመጣ እንደነግጣለን። ስለዚህ ዛሬ በዚህ ጉዳይ ጥቂት ልንነጋገር ወደድን።

ፍጥነት የሚለካው በሴኮንድ በሚያልፈው ሜጋቢት ነው፤ የወሩ ልክ ግን የሚቆጠረው በጊጋባይት ነው። ስምንት ቢት አንድ ባይት ስለሚሆን፣ 40 ሜጋቢት የተባለው መስመር በሴኮንድ የሚያወርደው 5 ሜጋባይት ነው። ይኸው መስመር ሳያቋርጥ ቢሠራ በአንድ ሰዓት ውስጥ 18 ጊጋባይት ያወርዳል። እንግዲህ ፈጣን መስመር ልኩን አይጨምርም፤ እንዲያውም ቶሎ ሊያስጨርሰው ይችላል።

ብዙውን የሚበላው ደብዳቤና ንባብ ሳይሆን ፊልም ነው። የኔትፍሊክስ ኩባንያ እንደሚገልጸው፣ መካከለኛ ጥራት ያለው ፊልም በሰዓት እስከ 1 ጊጋባይት፣ ከፍተኛው እስከ 3፣ እጅግ ከፍተኛው ደግሞ እስከ 7 ጊጋባይት ይወስዳል።

ገደብ የሚጣለው የመስመሩ አቅም ስለሚያንስ ነው ይባላል። ይህ ሁልጊዜ እውነት መሆኑን ለመመርመር የአሜሪካኑን ኮምካስት ምሳሌ እናንሣ። ኩባንያው እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ2008 በወር 250 ጊጋባይት ወሰነ፤ በ2020 ደግሞ ገደቡ 1,200 ጊጋባይት ሆኖ፣ ከዚያ ላለፈ ለየ50 ጊጋባይቱ 10 ዶላር ያስከፍል ነበር። ነገር ግን በዚያው ዓመት በመጋቢት ወር ኮቪድ ሰውን ሁሉ ከቤት ሲያውል፣ ኩባንያው ገደቡን እስከ ሰኔ መጨረሻ አንሥቶ ነበር፤ መስመሩም ሥራውን ቀጠለ። በ2025ም ያለ ገደብ የሚሠራ አዲስ ውል አቀረበ። ከዚህ የምንረዳው፣ ገደብ የአቅም ጉዳይ ብቻ ሳይሆን የዋጋ አወሳሰንም ጭምር መሆኑን ነው።

ስለዚህ ተማሪውም ሆነ ወጣቱ የመንግሥት ሠራተኛ ከመፈረሙ በፊት ሦስት ጥያቄ ያቅርብ። የወሩ ልክ ስንት ነው? ልኩ ሲያልቅ መስመሩ ይቋረጣል፣ ይዘገያል ወይስ ተጨማሪ ያስከፍላል? ቆጠራው እንደገና የሚጀምረው በየትኛው ቀን ነው? «ያለ ገደብ» የሚል ቃል ቢያገኝም በደቃቅ ፊደል የተጻፈውን እስከ መጨረሻው ያንብብ፤ ከተወሰነ መጠን በኋላ ፍጥነቱ ይቀነሳል የሚል አንቀጽ ሊኖር ይችላልና።

በቤት ውስጥም መመካከር ያስፈልጋል። ወንድም ማታ ማታ የሚያየውን ፊልም ጥራቱን ዝቅ ቢያደርግ፣ በወሩ በ28ኛው ቀን እኅቱ በቪዲዮ የሚሰጠው ትምህርት አያመልጣትም። አንድ በርሜል ለሚጋራ ቤተሰብ ልኩን አስቀድሞ ማወቅ ከኋላ ጸጸት ያድናል።