የጆሞ ኬንያታ የሥነ ጽሑፍ ሽልማት የመጀመሪያዎቹ አሸናፊዎች

የሥነ ጽሑፍ ሽልማት ለአንድ ድርሰት የሚሰጥ የክብር ምልክት ነው። ይሁን እንጂ ዘመን ካለፈ በኋላ ሲታይ፣ የሚመዘነው ተሸላሚው ብቻ ሳይሆን ሸላሚውም ጭምር ነው። ለዚህም በኬንያ ዋና ከተማ በናይሮቢ የተጀመረው የጆሞ ኬንያታ የሥነ ጽሑፍ ሽልማት ጥሩ ምሳሌ ይሆናል።

ኬንያ ነጻነቷን የተቀዳጀችው እ.ኤ.አ. በ1963 ነው። ከ11 ዓመት በኋላ፣ በ1974፣ የኬንያ አሳታሚዎች ማኅበር በአገሪቱ የመጀመሪያ ፕሬዚዳንት ስም የተሰየመውን ይህን ሽልማት አቋቋመ። በዚያው ዓመት ከተሸለሙት ደራስያን አንዱ በእንግሊዝኛ፣ ሌላው በስዋሂሊ የጻፉ ነበሩ።

በእንግሊዝኛ የጻፈው ሜጃ ምዋንጊ ነው። በ1973 የታተመው ልብ ወለዱ «ኪል ሚ ኩዊክ» ይባላል፤ «ቶሎ ግደለኝ» ማለት ነው። ባለታሪኮቹ ትምህርታቸውን ጨርሰው ሥራ ፍለጋ ወደ ከተማ የመጡ ሁለት ወጣቶች ናቸው። የምስክር ወረቀታቸው ግን እንጀራ አልሆናቸውም። ከቆሻሻ መጣያ ትራፊ እየለቀሙ ይኖራሉ፤ ውሎ አድሮም በወንጀል ተሰማርተው ወህኒ ይወርዳሉ። ደራሲው ነጻነት የተማረውን ወጣት ከችግር ሳያላቅቀው መቅረቱን በዚህ ታሪክ አሳይቷል።

በስዋሂሊ የጻፈው ገጣሚ አብዲላቲፍ አብደላ ነው። በ1946 በሞምባሳ የተወለደው ይህ ሰው፣ በ1968 «ኬንያ፦ ወዴት እየሄድን ነው?» የሚል ትርጉም ያለው ጽሑፍ በትኖ ነበር። ጽሑፉ መንግሥት በተቃዋሚው ፓርቲ ላይ የሚያደርሰውን ጫና የሚነቅፍ ስለ ነበር፣ በ1969 ተከሶ የሦስት ዓመት እሥራት ተፈረደበት። ለብቻው በተዘጋበት ክፍል ውስጥ መጻፍ ክልክል ስለ ነበር፣ ግጥሞቹን በመጸዳጃ ቤት ወረቀት ላይ በድብቅ እየጻፈ ወደ ውጭ ያስወጣቸው ነበር። በ1972 ከእሥር ተፈትቶ ወደ ታንዛንያ ሄደ። ግጥሞቹም በ1973 «ሳውቲ ያ ዲኪ»፣ ማለትም «የመከራ ድምፅ» በሚል ርእስ በናይሮቢ ታተሙ።

ግጥሞቹ የስዋሂሊን ጥንታዊ የቤት አመታትና የቀለም ልክ የጠበቁ ናቸው። አንዳንዶቹም እንደ እኛው ሰምና ወርቅ ድርብ ትርጉም አላቸው። «ማምባ» ወይም «አዞ» የተባለው ግጥም፣ ሰሙ በጉልበቱ ስለሚመካ አዞ ሲናገር፣ ወርቁ ግን ሥልጣኑ የማያልፍ ስለሚመስለው ገዥ ነው።

እንግዲህ አብዲላቲፍን ያሠረው የፕሬዚዳንት ኬንያታ መንግሥት ነበር፤ በእሥር ቤት የጻፈው መጽሐፍ ያገኘው ሽልማትም የእኚሁኑ ፕሬዚዳንት ስም የያዘ ነበር። ከሁለቱ መጻሕፍት አንደኛው የሥራ አጡን ወጣት፣ ሌላው የእስረኛውን ብሶት የያዘ ነው። ሽልማቱን ዛሬ የሚያስከብረውም የተሰየመበት ስም ታላቅነት ሳይሆን፣ ከጅምሩ እውነት ለተናገሩ ድርሰቶች የተሰጠ መሆኑ ነው።